የማን ጥፋት ነው? ስለ ልደት ሰዓትና ስለ ሕፃናት አንጎል

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት፣ እንደ ልማዳችን ምእመናንን በየቤታቸው ስንጎበኝ፣ ከቁምስናው ቤተ ክርስቲያን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ከአንዲት እናት ቤት ደረስን። ሦስት ነበርን፤ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ በነርስነት የምታገለግል አንዲት ገዳማዊት እኅት እና አንድ በዕድሜ የገፉ የቁምስናው ምክር ቤት አባል። ቡና ተፈላ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ዘሩ ተወራ። ልንነሣ ስንል ከመጋረጃው በስተጀርባ ድምፅ ሰማን። እናቲቱ ደነገጠች። መጋረጃው ሲገለጥ የሰባት ዓመት ልጅ ቁርበት ላይ ተኝቶ አገኘን፤ አንገቱ አልጸናም፤ እጆቹ ወደ ደረቱ ተኮማትረዋል፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ተጠላልፈዋል። ዐይኖቹ ግን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ይዘዋወሩ ነበር። ስሙ በቁምስናው የጥምቀት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ልጅ በመካከላችን መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም።

ልጁ የተወለደው እናቱ ሁለት ሌሊት ካማጠች በኋላ ነው። ሲወለድ አላለቀሰም፤ ገላው ጠቁሮ፣ ልፍስፍስ ብሎ ነበር፤ ሴቶቹ ውኃ ረጩት፣ ገለባበጡት፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ አቃሰተ። ይህን ከነገረችን በኋላ፣ «ለመሆኑ የማን ጥፋት ነው?» ስትል ጠየቀችን። መልሱን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ራሷ ስትሰበስበው ኖራለች። ነፍሰ ጡር ሳለች በቀትር ወንዝ መውረዷን፣ ከባድ እንስራ ማዘሏን፣ ከአማቷ ጋር መጣላቷን፣ አንድ ዓርብ ጾም መግደፏን አንድ በአንድ ቆጠረችልን። ባሏ ጥሏት ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል።

ሽማግሌው አባላችን፣ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ ልጄ፤ ምን ይደረጋል» አሏት። እርሷም ዝም አለች። ይህ ቃል በስፍራው ሲነገር ክቡር ቃል ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን የተናገርነው ከጥያቄዋ ለመሸሽ እንደ ነበረ በመመለሻችን መንገድ ላይ ሦስታችንም ሳንነጋገር ገብቶናል። እነሆ የዘገየውን መልሳችንን እንጽፋለን፤ ይህንን ጥያቄ የሚጠይቁ እናቶች በየቁምስናችን ጥቂት አይደሉምና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጊዜው የሚወለድ ሕፃን አንጎል ከአዋቂ ሰው አንጎል ክብደት ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ግን ከእጥፍ በላይ ያድጋል። እንዲህ ያለ ግንባታ የተጣለበት አካል ብዙ ስንቅ ይፈልጋል፤ አራስ ሕፃን ዐርፎ በተኛበት ጊዜ እንኳ ሰውነቱ ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉን የሚወስደው አንጎሉ ነው። ዋናዎቹ ስንቆች ሁለት ናቸው፤ ኦክስጅንና ስኳር። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሁለቱም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ከእናቱ ደም ይደርሱታል። በምጥ ጊዜ ማኅፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለአጭር ጊዜ ይቀንሳል፤ ማኅፀኑ ሲላላ ይመለሳል። ጤናማ ሕፃን ይህን መቻል ይችላል። ነገር ግን ምጡ ከልክ በላይ ሲረዝም፣ ሕፃኑ በጠባብ መተላለፊያ ሲቀረቀር፣ እትብቱ ሲጨመቅ፣ ወይም እንግዴ ልጁ ከጊዜው አስቀድሞ ሲላቀቅ፣ በሁለት ቁርጠት መካከል ያለው ዕረፍት ለሕፃኑ አይበቃውም። ያን ጊዜ የአንጎሉ ሕዋሳት ይራባሉ።

ጉዳቱ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም አይደለም። ሕፃኑ ተንፍሶ፣ ገላው ቀልቶ፣ ቤተሰቡ እፎይ ካለ በኋላ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ማዕበል ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ረኃብ የተረፉት ሕዋሳት በዚያን ጊዜ መሞት ይጀምራሉ። ብዙ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ብዙ ስለሚፈልግ አስቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚመሩት ከውስጥ ያሉት ክፍሎች ክፉኛ ሲጎዱ፣ ለማስተዋል የሚያገለግሉት ብዙም ሳይነኩ ይቀራሉ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ልጁ ስንመለስ ያስፈልገናልና።

ኦክስጅን ማጣት ብቻም አይደለም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የአንጎሉ የደም ሥሮች ገና ስስ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ አይረባም ብለው አፍስሰው ሕፃኑን ቅቤ የሚያውጡ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ የዘገየ ወይም በብርድ የተጠቃ ሕፃን የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ አንጎል ደግሞ ስኳር ሲያጣ እንደ ኦክስጅኑ ሁሉ ይጎዳል። የቢጫነት ነገርም አለ። በጠዋት ፀሐይ ሕፃንን ማሞቅ የእናቶቻችን የቆየ ልማድ ነው፤ የብርሃንን ጥቅም የሕክምና ሰዎች በ1950ዎቹ ያስተዋሉት በእንግሊዝ አገር ሮችፎርድ በተባለ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ሕፃናትን ወደ ፀሐይ እያወጣች የገላቸው ቢጫነት ሲቀንስ በማየቷ ነበር። ሆኖም የእጁ መዳፍና የእግሩ ውስጥ ሳይቀር ቢጫ የሆነ፣ ጡት እንቢ ያለ ሕፃን የሚሄድበት ስፍራ ደጃፍ ላይ ያለው ፀሐይ ሳይሆን ሆስፒታል ነው።

እዚህ ላይ ለካቴኪስቶች አንድ ነገር በጎን እንበል። ሞት የሚያሰጋው ሕፃን ሲወለድ፣ ካህን ባይኖር ማንም ሰው ሊያጠምቀው እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል፤ ውኃ ይዘን መሮጥም እናውቅበታለን። ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል የመጀመሪያውን ትንፋሽ ለመተንፈስ ርዳታ እንደሚያስፈልገው፣ አብዛኞቹም በደንብ ሲደርቁ፣ ሲሞቁና ጀርባቸው ሲታሽ እንደሚነቁ፣ የቀሩትም በሠለጠነ እጅ በአየር መስጫ ከረጢትና ጭንብል ቶሎ ሊረዱ እንደሚገባ ግን የተማርን ስንት ነን? ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት ከዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም።

እንግዲህ የዚያን ልጅ እጅና እግር ያሰሩት እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ናቸው ማለት ይቻላልን? ሐኪሞች በዚህ ጥያቄ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በልጅነት በሽታ ምክንያት የእግር ጉዳት የነበረበት ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1861 ለንደን ውስጥ ለአዋላጅ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ እንዲህ ያለ የእጅና የእግር መተሳሰር ከአስቸጋሪ ምጥ፣ ያለ ጊዜ ከመወለድና ሲወለዱ ከመታፈን ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። በ1897 ግን ኋላ በሌላ ሥራው ስሙ የገነነው፣ ያን ጊዜ የነርቭ ሐኪም የነበረው ሲግመንድ ፍሮይድ፣ አስቸጋሪው ምጥ ራሱ አስቀድሞ በማኅፀን ሳለ ሕፃኑን የነካ የሌላ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል ሲል ጻፈ። ለረጅም ጊዜ የሰማው አልነበረም። በአሜሪካ ከ1959 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ከ50,000 በላይ እርግዝናዎች ተመዝግበው ልጆቹ ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1986 የወጣው የካሪን ኔልሰንና የዮናስ ኤለንበርግ ትንተና ፍሮይድ ወደ ጠቆመው አቅጣጫ አመዘነ። ሴሬብራል ፓልሲ ከሚባለው ከዚህ የአንጎል ጉዳት ጋር ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ሲወለዱ እንደ ታፈኑ የሚያሳይ ግልጽ ምልክት አልተገኘባቸውም ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ በበለጸጉት አገሮች የሕፃኑን የልብ ምት በምጥ ጊዜ የሚከታተል መሣሪያ ተስፋፋ፤ በቀዶ ሕክምና ማዋለድም በዛ፤ የእነዚህ ልጆች ቁጥር ግን እንደ ታሰበው አልቀነሰም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሰው ዐይኑ ያየውን ነገር በደለኛ ለማድረግ የሚቸኩል መሆኑን ነው። ምጥ ይታያል፤ ይሰማል፤ ቀንና ሰዓት አለው። በአራተኛው ወር በድብቅ የደረሰ ነገር አይታይም። ሐኪሞቹ ምጡን ከሰሱ፤ በበለጸጉት አገሮች ወላጆች ሐኪሞቹን ከሰሱ፤ የእኛ እናት ደግሞ እንስራውንና የቀትሩን ወንዝ ከሰሰች። መልካቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም የአንድ ልማድ ልጆች ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሰበብ እናቲቱን «ምጥሽ አይደለም ያደረገው» ብለን ልናጽናናት አይገባንም። ያ ጥናት የተደረገው እናቶች በሆስፒታል በሚወልዱበት አገር ነው። በእንደዚያ ያሉ አገሮች በወሊድ ጊዜ በመታፈን የሚመጣው ድርሻ ከአሥሩ አንዱ ያህል ነው፤ ምጥ ሁለት ሌሊት በሚፈጅበትና ሐኪም በሌለበት ስፍራ ግን ድርሻው ከፍ ያለ ነው። ሁለት ሌሊት ያማጠች እናት ልጅ ሳያለቅስ፣ ጠቁሮና ልፍስፍስ ብሎ ከተወለደ፣ ምክንያቱ ያ ምጥ ነው ብሎ ማሰብ የሚያስኬድ ነው። ማጽናናት በእውነት ላይ ካልቆመ አይጸናም። ስለዚህ ምክንያቱን ሳንክድ፣ ምክንያትና በደል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማሳየት ይኖርብናል።

በሀገራችን «ሾተላይ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። የወለደቻቸው ሕፃናት ተራ በተራ የሚሞቱባት ሴት ሾተላይ አለባት ይባል ነበር። የሞቱት ልጆች የእርሷ፣ ሐዘኑ የእርሷ፣ በላዩም ነውሩ የእርሷ ሆነ። በ1940 ግን ላንድስታይነርና ዊነር የተባሉ ሊቃውንት በደም ውስጥ አር ኤች የተባለ ጠባይ መኖሩን አስታወቁ። ይህ ጠባይ በእናቲቱ ደም ከሌለና ሕፃኑ ከአባቱ ከወረሰው፣ የእናቲቱ ሰውነት የሕፃኑን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋ ነገር ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፤ ቀጥለው የሚመጡት ይመታሉ። የሕፃኑ ደም ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ነገር በዝቶ ወደ አንጎል ሲገባ፣ ከሞት የተረፈውም መስማት ሊሳነው፣ ሰውነቱም አልታዘዝ ሊለው ይችላል። ከ1968 ጀምሮ ለእናቲቱ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መከላከያ መርፌ አለ። ሾተላይ የተባለው ሁሉ ይህ ብቻ ነበር አንልም፤ ቂጥኝና ሌሎችም ደዌዎች በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ነገር ግን አስተውሉ፤ የእናቲቱ ደም አልበደለም፤ ከአባት የወረደው ደምም አልበደለም። ምክንያቱ በሁለቱ መካከል በግልጽ አለ፤ በደለኛ ግን የለም። ስንት ትዳር በዚህ ፈረሰ?

በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌል ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእርሱ ይሁን የወላጆቹ ሲጠይቁ፣ ጌታችን ሁለቱንም አልተቀበለም። ይህን ወንጌል ስንት ጊዜ አስተምረነዋል፤ በጎረቤታችን ቤት ግን የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ እንደገና እንጠይቃለን።

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ለሕፃናቱ የምናስጠናው ሌላም ነገር አለ። ኃጢአት ከባድ የሚሆነው ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ አድራጊው ሲያውቀውና ፈቅዶ ሲያደርገው ነው እንላለን። ይህን መለኪያ ይዘን ወደዚያች ጎጆ እንግባ። ነገሩ ከባድ መሆኑ አያጠራጥርም። እናቲቱ ግን ምን ታውቅ ነበር? የመጀመሪያ ምጧ ነበር፤ ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ አንጎል እንደሚጎዳ የነገራት የለም። ምንስ በፈቃዷ ነበር? ልሂድ ብትልስ በማን እግር? ውሳኔው የባሏና የአማቷ ነበር። አማቲቱንም ለመኮነን አንቸኩል፤ በዚያው ቤት ስምንት ልጆች ወልዳለች፤ ምጥ ሌሊቱን አልፎ ሌሊት መድገሙ ለእርሷ አዲስ አይደለም። የምታውቀው ማርያም ማርያም እያሉ መጠበቅን ነው፤ ጠበቀችም። ስለ ወንዙና ስለ እንስራው፣ ስለ ተገደፈችው ዓርብም፣ ከልጁ ሕመም ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ነገር የለም።

ታዲያ እናት የምታደርገው ነገር ሁሉ ለሕፃኑ አንጎል ምንም አይደለም ማለታችን ነውን? አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የሚጠጣ አልኮል የሕፃኑን አንጎል እንደሚጎዳ በ1973 በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች በግልጽ ጽፈዋል፤ አረቄ ደግሞ በየመንደራችን አለ። የእናት አዮዲን ማጣት የልጁን አእምሮ እንደሚያደክም የታወቀ ነው፤ እንቅርት በሚበዛባቸው ደጋዎቻችን አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ለነፍሰ ጡር ሴትና ለባሏ አስቀድሞ መንገር ግዴታችን ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ያንኑ ቃል በእናቲቱ ላይ መመለስ ግን ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ይሆናል፤ ለልጁም የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይህን ስንመረምር ያገኘነው አንድ ነገር አለ፤ ልንደብቀው አልፈለግንም። የልጁን የልደት ቀን ይዘን የቁምስናውን መኪና የጉዞ መዝገብ ገለጥን። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች መኪናው በግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሾፌሩም በቤቱ ነበር። ከቁምስናው እስከ ሆስፒታሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በመንደሩም ቃሬዛ የሚሸከም ጎልማሳ አልጠፋም። ማንም ግን አልመጣም፤ መኪናው ለምጥ ሊለመን እንደሚችል ያሰበ አልነበረምና። በዚያው ወር ያው መኪና ሁለት ጊዜ ከሆስፒታል አስከሬን አምጥቷል፤ ለዚያ መለመን እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል።

መለኪያውን አሁን በራሳችን ላይ ብናውለው ምን ይሆናል? ፈቅደን አላደረግነውም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነርሷ እኅታችን ታውቅ ነበር፤ ካህናቱም ያውቁ ነበር፤ እኛም ሁላችን ብንጠየቅ ምጥ ሲረዝም ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል ብለን በመለስን ነበር። ዕውቀቱ ከእኛ ዘንድ ነበር፤ መኪናውም ከእኛ ዘንድ ነበር፤ ወቀሳውን ግን ሰባት ዓመት የተሸከመችው ሁለቱም ያልነበሯት ሴት ናት። ከባድ ኃጢአት ነው ብለን በራሳችን ላይ አንፈርድም፤ ግን ጥያቄዋ ከቤቷ ይልቅ ለግቢያችን እንደሚቀርብ እናምናለን።

ሊደረግ የሚችል ነገር መሆኑን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ካቶሊክ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩቅ መንደር ያሉና የሚያሰጋ እርግዝና ያላቸው እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚጠብቁበት ማረፊያ አለው። ከ1987 እስከ 2008 ያሉት የሆስፒታሉ መዛግብት ሲጠኑ፣ በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት መካከል ሞተው የተወለዱት ከ1,000 18 ያህል ሲሆኑ፣ በማረፊያው ሳይቆዩ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል ግን 191 ያህል ነበሩ። ከኋለኞቹ ብዙዎቹ የመጡት ነገር ከተበላሸ በኋላ መሆኑ እሙን ነው፤ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ እኩል አይደለም። ቢሆንም ልዩነቱ የመንገድና የሰዓት ልዩነት ነው። ሕፃኑን የሚገድለው የኦክስጅን ማጣት ከሞት ለጥቂት የተረፈውን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው ያው ነውና፣ ከሞት ቁጥር ጀርባ የእነዚህ ልጆች ቁጥር አለ። በሀገር ደረጃም ነገሩ ተለውጧል፤ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2000 በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 48 ደርሰዋል። የቀሩት እነማን እንደ ሆኑ ለመገመት አያዳግትም፤ ከመንገድ የራቁት ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ አንድ አዲስ መሣሪያ ይፈታዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ከ2005 ጀምሮ በወጡ ጥናቶች፣ ታፍኖ የተወለደን ሕፃን በስድስት ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለሦስት ቀን ሰውነቱን በልክ ማቀዝቀዝ ያንን ሁለተኛ ማዕበል እንደሚያበርድ በበለጸጉት አገሮች ታይቷል። በ2021 በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት ግን ጥቅም አላሳየም፤ እንዲያውም በቀዘቀዙት ሕፃናት ላይ ሞት በዛ። ዕውቀትም ቢሆን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እንደ ዕቃ ተጭኖ እንደማይሄድ ከዚህ እንማራለን።

ወደ ልጁ እንመለስ። የልደት ሰዓት በአንጎል ላይ ምልክት ይተዋል ስንል ብዙዎች ነገሩ ያኔውኑ ታትሞ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሲወለድ ሩብ ያህል ብቻ የነበረው አንጎል ግን ሦስቱን እጅ የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተጎዳውም አንጎል መገንባቱን አያቆምም። በ1978 ኮሎምቢያ ውስጥ በቦጎታ ከተማ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም፣ ማሞቂያ ሣጥን ስላነሰው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ ራቁታቸውን እንዲታቀፉ አደረገ። በኋላ በ1990ዎቹ በዚያው ከተማ በዚህ መንገድ ያደጉት ከሌሎቹ ጋር እየተነጻጸሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው፤ በ2017 የወጣው ውጤት እጅግ ደካማ ሆነው ከተወለዱት መካከል በደረት የታቀፉት በማስተዋል ፈተና ብልጫ ማሳየታቸውን፣ ከትምህርት ቤት መቅረታቸውም ማነሱን ገልጧል። በአዲስ አበባም በዚሁ ዘዴ ላይ የተደረገ ጥናት በ2005 ታትሟል፤ በደረት የታቀፉት ሕፃናት ሞት ቀንሶ ታይቷል። የእናት ደረት መድኃኒት መሆኑን ለማወቅ ይህን ያህል መቆየታችን ያስገርማል።

በሁለተኛው ጉብኝታችን መምህሩ፣ ከልማድ ብዛት ይመስለናል፣ የዘኬዎስን ታሪክ ለጎረቤት ልጆች መተረክ ጀመረ። ያ አጭር ባለ ጸጋ ካባውን ሰብስቦ ዛፍ ላይ ሲወጣ በእጁ እያሳየ ሲናገር፣ ከቁርበቱ ላይ ያለው ልጅ ሳቀ። ሌሎቹ ልጆች ከመሳቃቸው በፊት ሳቀ። መምህሩ ትረካውን አቋርጦ ቆመ። ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር ከሚኖሩት ግማሽ ያህሉ የማስተዋል ጉድለት እንደሌለባቸው ነርሷ እኅታችን ነግራን ነበር፤ ነገር ግን በጆሯችን እስክንሰማው ድረስ አላመንናትም። ይህ ልጅ ለሰባት ዓመት ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ስለ እርሱ የተባለውን ሁሉ ሰምቷል።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ በቀኖና 777፣ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲሰጣቸው የቁምስናውን አለቃ ያዛል። እኛ ግን ጥያቄና መልሱን በቃሉ ያልወጣ ልጅ ቅዱስ ቁርባን አይቀበልም ስንል ኖረናል፤ አንደበቱ ያልተፈታለት ልጅ በምን ይወጣዋል ብለን ጠይቀን አናውቅም። ማስተዋሉ በእርግጥ የጎደለውስ ልጅ? ስለ እርሱ ገና መነጋገር ያስፈልገናል፤ ይህ ጽሑፍ አይበቃውም።

ለእናቲቱ ያወቅነውን ሁሉ ነገርናት። ስለ ወንዙና ስለ እንስራው ስንነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነችን አልመሰለንም፤ የሰባት ዓመት ሐሳብ በአንድ ከሰዓት አይለቅም። ስለ ምጡ ስንነግራት ግን በጸጥታ አዳመጠች። ከዚያ ስለ መኪናው ነገርናት። ሽማግሌው ናቸው የነገሯት፤ ይህን እኔ ልናገር ብለው።

«እዚያው ቆሞ ነበር?» አለች።

«እዚያው ነበር፣ ልጄ» አሏት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ የልጁን ራስ ከፍ አድርጋ በክንዷ ደግፋ ተቀመጠች፤ መጋረጃውንም አልመለሰችውም።

ልጁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ይመጣል፤ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ የመንደሩ ጎልማሶች በተራ ይሸከሙታል። እኅታችን ተቀምጦ እንዲመገብ እንጂ ተኝቶ እንዳይውጥ እናቱን አስተምራታለች፤ ሌሊት ሌሊት የሚጥለው ነገርም መድኃኒት ተጀምሮለታል። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሾፌሩና የአዋላጅ ነርሷ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፤ ለምጥ በማንኛውም ሰዓት ይደወል ይላል። እስከ አሁን አራት ጊዜ ተደውሏል። አንዱ ጥሪ ከዚያችው መንደር ነበር፤ የደወለችው አማቲቱ ናት።